የመረጃ ቋት መዝገብ ሲያብጥ

ከሽንፋና ከአካባቢዋ ቆላማ እርሻዎች የሚሰበሰበው ሰሊጥ ወደ ገበያ ሲወጣ መረጃም አብሮት ይጓዛል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሰሊጥ መረከቢያ መጋዘን ከተቋቋመባቸው ስፍራዎች አንዷ መተማ ናት። በዚህ አሠራር ምርቱ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት መጋዘን ሲገባ ለአስረካቢው የመጋዘን ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ሽያጩም በደረሰኙ ይፈጸማል። እንግዲህ የዓመት ልፋት ዋስትናው በኮምፒውተር የሰፈረው መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ ከጥፋት የሚጠበቀው እንዴት ነው?

እንዲህ ያለው መረጃ የሚከማችበት ሥርዓት ዳታቤዝ ወይም የመረጃ ቋት ይባላል። አንድ ሰው 50 ኩንታል ሸጠ እንበል። ከሻጩ 50 ይቀነሳል፤ ለገዢው 50 ይጨመራል። ሁለቱ ለውጦች አብረው መፈጸም፣ አለዚያም አብረው መቅረት ይኖርባቸዋል። ይህ የማይነጣጠል ክንውን ትራንዛክሽን ይባላል። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ግማሹ ብቻ ተፈጽሞ እንዳይቀር፣ ዳታቤዙ ለውጡን በዋናው ፋይል ከማስፈሩ በፊት ትራንዛክሽን ሎግ በተባለ የክንውን መዝገብ ይጽፈዋል። መብራት ሲመለስ ይህን መዝገብ አንብቦ የተጠናቀቀውን ያጸናል፤ በእንጥልጥል የቀረውን ይሰርዛል።

ችግሩ መዝገቡ ያለማቋረጥ ማደጉ ነው። ለምሳሌ ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ሙሉ መልሶ ማግኛ በሚባለው ስልት ሲሠራ፣ የመዝገቡ ቅጂ እስኪወሰድ ድረስ የተጻፈውን ሁሉ ይዞ ይቆያል። ብዙዎች በየሌሊቱ የሚወሰደው የዳታቤዙ ሙሉ ቅጂ መዝገቡን የሚያቃልለው ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን አያቃልለውም። ዲስኩ ሲሞላ ነባሩን መረጃ ማንበብ ቢቻልም አዲስ መመዝገብ አይቻልም። ይህ በመኸር ሰሞን ቢደርስ ርክክቡም ሽያጩም ይቆማል።

በዚህ ጊዜ የመዝገቡን ፋይል መሰረዝ አደገኛ ነው፤ ዳታቤዙ ጨርሶ ላይከፈት ይችላል። ትክክለኛው መፍትሔ የመዝገቡን ቅጂ በመደበኛነት፣ ለምሳሌ በየሰዓቱ፣ መውሰድ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራቸው ያበቃ ክፍሎች ለአዲስ ጽሑፍ ይለቀቃሉ። የፋይሉ መጠን ባይቀንስም ማደጉ ይገታል። ያልተቋጨ ረጅም ትራንዛክሽን ካለ ግን ቦታው አይለቀቅምና አስቀድሞ እርሱን መፈለግ ይገባል። ያለልክ ያበጠን ፋይል ቅጂው ከተወሰደ በኋላ አንድ ጊዜ ማሳነስ ይቻላል፤ በየዕለቱ ማሳነስ ግን ተመልሶ ስለሚያድግ ከንቱ ድካም ነው።

ቅጂው ሌላም ጥቅም አለው። ሙሉ ቅጂ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ የመዝገቡ ቅጂ ደግሞ በየሰዓቱ ይወሰዳል እንበል። ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ዲስኩ ቢበላሽ ሙሉው ቅጂ ይመለሳል፤ የሰዓታቱ ቅጂዎችም በቅደም ተከተል ይከተላሉ። የሚጠፋው ቢበዛ የ20 ደቂቃ ሥራ ነው፤ የመዝገቡ ቅጂዎች ባይኖሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ወዲህ የተመዘገበው ሁሉ ይጠፋ ነበር። ከመካከል አንዱ ቅጂ ከጎደለ የሚቀጥሉት አያገለግሉም። ስለዚህ ቅጂዎቹን በሌላ ዲስክ፣ ቢቻልም በሌላ ከተማ ማስቀመጥ፣ በየጊዜውም በሙከራ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ማየት ያስፈልጋል። ተሞክሮ ያልታየ ቅጂ በችግር ቀን ይሠራል ብሎ መተማመን አይቻልም።