የፊልም ሙዚቃና የእኛ ፍርድ

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላልና እኛም ነገራችንን በአንድ ቅዳሜ ማታ እንጀምር።

እኛ ጥቂት የሥነ ጽሑፍ፣ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በአንድ የመኝታ ክፍል ተሰብስበን የፊልም ሙዚቃ እንሰማለን። ደንባችን ቀላል ነው። ባለተራው በሳምንቱ ውስጥ የሰማውን አንድ የፊልም ሙዚቃ ያመጣል፤ ለሌሎቹ ያሰማል፤ ከዚያም አስተያየቱን ይሰጣል። የቀረነው ደግሞ እንደግፈዋለን ወይም እንቃወመዋለን። ሻይና ቆሎ እስካለ ድረስም ክርክሩ አይቆምም።

ባለፈው መንፈቀ ዓመት አንዱ ጓደኛችን «ሳይኮ» ከተባለው ፊልም አንድ አጭር ሙዚቃ አመጣ። ፊልሙን አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ያዘጋጀው ሲሆን የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ሄርማን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሙዚቃው የሚሰማው አንዲት ሴት ገላዋን በምትታጠብበት ክፍል ውስጥ ስትገደል ነው። ቫዮሊኖቹ ሲጮኹ ከመካከላችን አንዱ ጆሮውን ይዞ «ይኸማ ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይደለም!» አለ። ሌላው ተነሥቶ «እንደዚህ ያለ ሙዚቃ ከዚያም ወዲህ አልተሠራም» ሲል መለሰለት። ምክንያታቸውን በጠየቅናቸው ጊዜ ግን አንደኛው «ደስ አይልም»፣ ሁለተኛው «ደስ ይላል» ከማለት በቀር የሚጨምሩት አልነበራቸውም። እኛም ዝም ብለን ተያየን። ለካ ስንት ቅዳሜ ሙሉ ስንከራከር የኖርነው ደስ ይላል፣ አይልም እየተባባልን ኖሯል!

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ከዚያ ማታ በኋላ ነው። ለመናገር የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የፊልም ሙዚቃ የሚፈረደው በተሰጠው ሥራ ነው እንጂ ለብቻው ሲሰማ ባለው ማማር አይደለም የሚል ነው።

በዚያው ማታ አንዲት ጓደኛችን መልካም ሐሳብ አቀረበች። ያንኑ ትዕይንት በመጀመሪያ ድምፁን አጥፍተን፣ ቀጥሎም ከነድምፁ እንድንመለከተው አደረገችን። ያለ ድምፅ ስናየው ቢላዋ ሲነሣና ሲወርድ፣ ውኃ ሲፈስ፣ መጋረጃ ሲቀደድ አየን፤ ቢላዋው ሥጋ ሲወጋ ግን በደንብ አይታይም። አንዳንዶቻችን እንዲያውም ፈገግ ብለናል። ከነድምፁ ሲደገም ግን የሣቀ አልነበረም። ዓይናችን ያላየውን ስለት ቫዮሊኖቹ በጆሯችን አስገቡት። ያ ጆሮውን ይዞ የነበረው ጓደኛችንም «ጩኸት ነው ያልሁት ትክክል ነበር፤ ግን የሚያስፈልገው እርሱ ነበር» ብሎ አመነ። ሂችኮክ ራሱ ይህን ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ሊተወው አስቦ እንደ ነበርና ሄርማን የጻፈውን ከሰማ በኋላ ሐሳቡን እንደ ለወጠ ማወቃችን ነገሩን ይበልጥ አስገረመን። ሄርማን ለዚህ ፊልም በሙሉ የተጠቀመው ባለ አውታር መሣሪያዎችን ብቻ ነው፤ የትንፋሽ መሣሪያም ከበሮም የለበትም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ እንደ ሆነ ሁሉ ሙዚቃውም ባለ አንድ ቀለም ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ታሪክ መጨመር ይገባል። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን እንኳ ያለ ሙዚቃ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከሸራው ሥር ፒያኖ የሚመታ ሰው ይቀመጥ ነበር። በ1908 የፈረንሳዩ የሙዚቃ ደራሲ ካሚዬ ሳን-ሳንስ ስለ ጊዝ መስፍን መገደል ለተሠራ አጭር ፊልም ተብሎ የታሰበ ሙዚቃ ጻፈ። ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ በኋላ ደግሞ በ1933 ቪየና የተወለደው ማክስ ስታይነር ለ«ኪንግ ኮንግ» የጻፈው ሙዚቃ ለተከታዮቹ መንገድ ከፈተ። ያ ግዙፍ ጦጣ በአብዛኛው ትዕይንት ቁመቱ ግማሽ ሜትር የማይሞላ አሻንጉሊት ነበር። አሻንጉሊቱን አስፈሪ፣ በመጨረሻም የሚያሳዝን ፍጡር ያደረገው በከፊል የስታይነር ኦርኬስትራ ነው።

እንግዲህ ለፊልም ሙዚቃ የሚሰጠው ሥራ ምን ምን ነው? በክርክራችን ያገኘናቸውን ሦስቱን እናቅርብ።

አንደኛው በሥዕሉ ላይ የማይታየውን መንገር ነው። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 ባዘጋጀው «ጆዝ» በተባለው ፊልም ውስጥ ሰው በላው የባሕር ዓሣ ለረጅም ጊዜ አይታይም። መምጣቱን የምናውቀው ጆን ዊልያምስ በጻፋቸው ሁለት ተደጋጋሚ ድምፆች ነው። ሁለት ድምፅ ብቻ! ስፒልበርግ በመጀመሪያ ሲሰማቸው ቀልድ መስሎት እንደ ሣቀ ተናግሯል። ነገር ግን ሙዚቃው ጨዋ ምስክር ነው፤ ሁለት ልጆች የካርቶን ክንፍ አስረው ዋናተኞችን ሲያስደነግጡ ሙዚቃ አይሰማም፤ ዓሣው በእውነት የለምና። በዚህ ዓይነት ተመልካቹ ሙዚቃውን ማመን ከለመደ በኋላ አንድ ጊዜ ዓሣው ያለ ምንም ሙዚቃ ከጀልባዋ አጠገብ ብቅ ይላል። በዚያን ጊዜ የሚደነግጠው ድንጋጤ ዓሣውን ከማየት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ያመነው ምስክር ዝም ስላለበት ነው። ስለዚህ ዝምታም ከሙዚቃው ደራሲ ሥራ ይቆጠራል። እነዚያን ሁለት ድምፆች ለብቻቸው ሰምቶ «ይኸን ማን ያቅተዋል?» የሚል ሰው ቤቱን ትቶ በሩን ብቻ እንደ ገመተ ነው።

ሁለተኛው በሰው አፍ ሊነገር የማይቻለውን መናገር ነው። ሕንዳዊው ሳትያጂት ራይ በ1955 ባወጣው «ፓተር ፓንቻሊ» ውስጥ አንድ አባት ከረጅም መንገድ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልጁ መሞቷን አያውቅምና ያመጣላትን ልብስ ለእናቲቱ ያሳያል። እናት አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፤ የምንሰማው ግን የእርሷን ድምፅ ሳይሆን ታር ሸህናይ የተባለ ባለ አውታር መሣሪያ እስከ ላይ ወጥቶ ሲጮኽ ነው። የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ ራቪ ሻንካር ነው። ይህን ትዕይንት ባየን ማታ ከመካከላችን ማንም አስተያየት አልሰጠም። የእናት ለቅሶ በገዛ ድምፁ ቢሰማ ኖሮ የአንዲት ሴት ለቅሶ ይሆን ነበር፤ በሙዚቃ ስለ ተሰማ ግን የሁሉ እናት ለቅሶ ሆነ።

ሦስተኛው በታሪኩ ውስጥ ራሱ መኖር ነው። ተመልካቹ ብቻ የሚሰማው ሙዚቃ አለ፤ በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚሰሙት ሙዚቃም አለ። ጂም ጃርሙሽ በ2005 ባዘጋጀው «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ ቢል መሪ የሚጫወተው ሰው በወጣትነቱ የወደዳቸውን ሴቶች ፍለጋ በመኪና ይጓዛል። ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ለመንገዱ የሙዚቃ ሲዲ ይሰጠዋል፤ በመኪናው ውስጥ የሚሰማውም የእኛው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው። ሙዚቃው የጎረቤት ስጦታ ነው፤ ፊቱ የማይፈታውን ያን ዝምተኛ ሰው ከኋላ ሆኖ እየገፋ የሚያስኬደው እርሱ ይመስላል።

ወደ ፍርድ ከመቸኮል በፊት አሠራሩንም ማወቅ ይገባል። የሙዚቃው ደራሲ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ፊልሙ ተቀርጾ፣ ተቆርጦና ተቀጥሎ ሊያልቅ ሲል ነው። ከዲሬክተሩ ጋር ቁጭ ብሎ ሙዚቃ የት እንደሚገባና የት እንደሚቆም ይወስናሉ። ከዚያ በፊት ግን ዲሬክተሩ ፊልሙን ሲያቀናብር ከሌላ ቦታ ያገኘውን ሙዚቃ ለጊዜው ያስገባበታል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ለጊዜው የገባው እንግዳ ባለቤት ይሆናል። በ1968 ስታንሊ ኩብሪክ «2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» የተባለውን ፊልም ሲያዘጋጅ አሌክስ ኖርዝ ሙዚቃ ጽፎለት ነበር። ኖርዝ ፊልሙን ለማየት ሲገባ ከጻፈው አንድም አልሰማም፤ ኩብሪክ የሪቻርድ ስትራውስን፣ የዮሐን ስትራውስንና የሊጌቲን ሙዚቃ አስቀርቶ የእርሱን ጥሎታል። በዚህ የተነሣ በክፍላችን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተሟግተናል። ለኖርዝ አዝነንለታል፤ ሆኖም ያለ ዳኑብ ዋልስ ያችን በሰማይ የምትሽከረከር መርከብ ልናስባት አልቻልንም።

ተቃራኒው ምሳሌ ሰርጅዮ ሊዮኔ ነው። በዚያው በ1968 «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ለተባለው ፊልሙ ኤንዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃውን አስቀድሞ ጽፎ ስለ ነበር በቀረጻው ቦታ እየተሰማ ተዋንያኑ በዜማው ልክ ይራመዱ ነበር። ከእነዚህ ከሁለቱ የምንረዳው ለፊልም ሙዚቃ ማማርም ሆነ መበላሸት ተጠያቂው ደራሲው ብቻ አለመሆኑን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነውና።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዱ ጓደኛችን በ2021 የወጣውን «ፓሲንግ» የተባለ ፊልም አመጣ። ታሪኩ በ1920ዎቹ በኒው ዮርክ ስለሚኖሩ ሁለት ጥቁር ሴቶች ሲሆን አንደኛይቱ መልኳ ስለ ፈቀደላት ነጭ መስላ ትኖራለች። በዚህ ፊልም ውስጥ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ እየተመላለሰ ይሰማል። እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው የአውሮፓን ሙዚቃ ተምረው፣ በኋላም መንኩሰው በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ለረጅም ዘመን ኖረው በ2023 ያረፉ እናት ናቸው። ፒያኖው ሲሰማ ከእኛ አንዱ «ይህ ሙዚቃ ከቤቱ ወጥቶ ተወስዷል፤ የኒው ዮርክ ሴት ከእማሆይ ጋር ምን አላት?» ብሎ ተቆጣ። ሌላይቱ ግን እንዲህ ስትል መለሰች፤ «ከሁለት ዓለም መካከል ቆሞ የሚቅበዘበዝ ሰው ነው ታሪኩ። የእማሆይም ጣት በአውሮፓ ፒያኖ ላይ የአገሩን ዜማ ይፈልጋል። ከዚህ የተሻለ ማን ይናገርላት?»

ክርክሩ እየጋለ ሄዶ አንድ ጥያቄ ላይ ቆመ። ለመሆኑ ይህ ዜማ በየትኛው ቅኝት ነው? በትዝታ ነው? በባቲ? በአምባሰል? በአንቺ ሆዬ? በክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፤ አንዳችንም በእርግጠኝነት መመለስ አልቻልንም። የቪየናውን ስታይነርንና የሆሊውዱን ዊልያምስን በቃላችን የምናውቅ እኛ በእናቶቻችን ዜማ ላይ አፋችን ተዘጋ። አፈርን ብንል ማጋነን አይሆንም። የገዛ ሙዚቃችን በሌላ ሰው ፊልም ውስጥ በቦታው ገብቷል ወይም አልገባም ብሎ ለመፍረድ አስቀድሞ ማወቅን ይጠይቃልና።

ይኸው ድክመት በአገራችን ፊልሞች ላይ በምንሰጠው አስተያየትም ይታያል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ሙዚቃው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያርፍም፤ ተዋናይቱ እንባ ሳታወጣ ሙዚቃው ቀድሟት ያለቅሳል። እኛ ተመልካቾችም ዜማው ካማረ «ሙዚቃው ግሩም ነበር» ብለን እንወጣለን። ዝምታን የሚያደንቅ ተመልካች ከሌለ ዝምታን የሚደፍር ዲሬክተር ከየት ይመጣል?

ስለዚህ እኛ ለራሳችን ያወጣነውን ደንብ ለእናንተም ለጓደኞቻችን እናቅርብ። ስለ አንድ የፊልም ሙዚቃ አስተያየት ከመስጠታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። ይህ ሙዚቃ ባይኖር ትዕይንቱ ምን ይጎድለዋል? ሙዚቃው የሚነግረን ሥዕሉ የነገረንን ነው ወይስ ያልነገረንን? የት ላይ ዝም አለ፣ ስለምንስ ዝም አለ? ለእነዚህ መልስ ያገኘ ሰው ከዚያ በኋላ «ደስ አለኝ» ቢል ቃሉ ክብደት ይኖረዋል። ሙዚቃውን ለብቻው መስማትንም አንከለክልም፤ እኛም በየመንገዱ በስልካችን እንሰማዋለን። ብቻ ያን ጊዜ የምንሰማው ትዝታውን እንጂ ሥራውን እንዳልሆነ አንርሳ።

የሚቀጥሉትን አራት ቅዳሜዎች ለአራቱ ቅኝቶች መድበናል። ከሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ ክራር መቺ ወዳጃችን መጥቶ ሊያስረዳን ተስማምቷል። ከዚያ በኋላ የእማሆይን ፒያኖ ከነፊልሙ እንደ ገና ሰምተን ያንን የተቋረጠ ክርክር እንጨርሳለን። የሚቃወመን ካለ ይምጣ፤ ሻዩ ከእኛ፣ ቆሎው ከእርሱ።