ያውቁ ኖሯል? የዛር ፈረሶች

ዛር የሰፈረበት ሰው የዛሩ «ፈረስ» እንደሚባል ያውቁ ኖሯል? ጋላቢው መንፈሱ ነው። በፈረሱ አፍ ይፎክራል፣ ስሙን ይናገራል፣ ሽቶና ቀለበት ያዝዛል። ያዘዘው ካልመጣ ያሳምማል።

ፈረስነትም ትምህርት እንዳለውስ? ጀማሪዋ መጀመሪያ ዝም ብላ ትንቀጠቀጣለች፣ ታጓራለች። ሥርዓቱን በምትመራው ባለ ዛር ቤት ሰንብታ ቡናውን፣ ዕጣኑን፣ ከበሮውንና ጭብጨባውን ስትለምድ ነው የዛሯን ስም፣ ፉከራና አለባበስ ለይታ የምታውቀው። ፈረሶቹ አብዛኛዎቹ ሴቶች ናቸው። ባሏ ፊት ቀና ብላ የማትናገር ሴት በዛሯ አፍ «አዲስ ቀሚስ ግዛ» ስትል ባልየው ይገዛል። መንፈሱን የማያምን እንኳ ብልሃቱን ቢያደንቅ አይፈረድበትም!

በአፈ ታሪኩ ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊጎበኛት ሲመጣ ያማሩትን 15ቱን ደበቀች፤ እነሱም እንደተደበቁ ቀሩ። ዛሮቹ የነሱ ዘር ናቸው ይባላል።

የወሎ ወዳጃ ዛር አለመሆኑን ያውቁ ኖሯል? ዱዓው፣ ጫቱ፣ ቡናውና ድቤው ሌሊቱን ያነጋሉ፤ ልመናው ግን ለአላህ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ አይጠፋም።

ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ዛርን ታወግዛለች። ይሁንና ጠበል ላይም መንፈሱ ይናገራል፦ ካህኑ «ስምህ ማን ነው? በምን ያዝካት?» ብለው ይጠይቁታል፤ እሱም ይለፈልፋል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ጠበሉ እንዲለቅ ያስገድደዋል፣ ባለ ዛሯ ግን አስታርቃ ታስቀምጠዋለች።

በ1932 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ጎንደር፣ በባለ ዛሯ በመልካም አያሁ ቤት፣ በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት የዛሩን ሥርዓት መዝግቧል። በ1958 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ፣ ተዋናዮቹ ራሳቸው የሚኖሩት ቲያትር አድርጎ አይቶታል።



የሥነ ሰብ ተመራማሪዋ ኤሪካ ቡርጊኞን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ከ488 ማኅበረሰቦች በ437ቱ፣ መልኩ ቢለያይም፣ ወግ የያዘ ከራስ መውጣት አግኝታለች።

በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች መመሪያ ዛርን በስሙ ይጠቅሳል፤ ኢትዮጵያን ከሶማሊያ፣ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከኢራን ጋር ያነሳል። አገሬው ግን እንደ በሽታ እንደማይቆጥረው ጨምሮ ጽፏል።