ጠፍቶ የተቀመጠ ሞተር ውስጥ ምን እየተካሄደ ነው?

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ፣ በመቂና በባቱ አካባቢ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች የውሃ መሳቢያ ሞተራቸውን ከማሳ አንስተው ወደ ቤት ይመልሳሉ። ክረምቱ እስኪወጣ ብዙም አይፈለግም። ጥግ ይቀመጣል፣ ጆንያ ይጣልበታል፣ በቃ ተረሳ። ሞተሩ ቢጠፋም ውስጡ የቀረው ቤንዚን ግን አርፎ አይቀመጥም።

እስቲ ከእሳቱ እንጀምር። ቤንዚን ነደደ ስንል የሚነደው ፈሳሹ ራሱ ሳይሆን ከላዩ የሚነሳው ተን ነው። ነጭ ጋዝ እሳት ለመያዝ የሚበቃ ተን የሚያወጣው 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ እንኳ በቂ ተን አለው! ስለዚህ ደጋም ሆነ ቆላ፣ ክዳኑ የላላ ቤንዚን ካለ የሚነድ ተን አለ።

ይህ ተን ደግሞ ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይከብዳል። ወደ ጣሪያ ከመውጣት ይልቅ እንደ ፈሰሰ ውሃ መሬት ለመሬት ይሄድና ዝቅ ያለ ቦታ ይጠራቀማል። አሁን ቤታችሁን አስቡት፤ የቡናው ከሰል የት ነው የሚቀመጠው? መሬት ላይ አይደል? ሞተሩ ጓዳ፣ ከሰሉ ሳሎን ቢሆንም በበሩ ሥር ያለው ክፍተት ያገናኛቸዋል። መስኮት መክፈት ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ መስኮቱ ከወገብ በላይ ነው፣ ተኑ እግራችን ሥር። ጥሩው ቦታ ከመኖሪያውና ከማድቤቱ ተለይቶ የተሠራ፣ ከታች በኩል አየር የሚያስተላልፍ መጠለያ ነው።

«ቤንዚኑን ቀድተን አውጥተነዋል፣ ባዶ ነው» የሚሉ አሉ። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። የቤንዚን ተን የሚነደው ከአየር ጋር ያለው ድርሻ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ነው። ከዚያ ካነሰ ይሳሳል፤ ከበለጠ ደግሞ ለመንደድ የሚያስፈልገው አየር ያጥረዋል። በሞላ ጀሪካን ውስጥ ብዙ ጊዜ ተኑ ከልክ በላይ ስለሚሆን አደጋው ያለው አፉ አካባቢ፣ ከውጭው አየር ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ ነው። ባለ 20 ሊትር «ባዶ» ጀሪካን ሥር አንድ የሻይ ማንኪያ ቤንዚን ብትቀርና ብትተን ግን ድርሻዋ በግምት 5 በመቶ ይሆናል። እዚያው መሐል ላይ! ባዶውንም እንደ ሙሉው መክደንና ከእሳት ማራቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ጣጣ ሞተሩ ላይ የሚደርሰው ነው። ቤንዚን የብዙ ውህዶች ድብልቅ ስለሆነ በወራት ውስጥ ቀላሎቹ ተነው ይሄዳሉ፣ የቀረው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይሠራል። በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ደግሞ ስፋቷ ከ1 ሚሊሜትር በታች ናት፤ በቀላሉ ትደፈናለች። ጥቅምት ላይ «ምን ነካው፣ አልነሳም አለ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በመጨረሻው የሥራ ቀን ማሳው ላይ ውሃ እየሳበ ሳለ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቶ ራሱ እስኪጠፋ መጠበቅ፤ ያኔ ካርቡሬተሩ ይደርቃል። ያለ ውሃ ግን አይሞከርም፣ የፓምፑን ጎሚኒ የሚያቀዘቅዘው ውሃው ነውና። ጋኑ ውስጥ የተረፈውን ደግሞ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ አዋቂ ሰው ደጅ ላይ ይቅዳው።

ማጓጓዙስ? ሞተሩ እንደጠፋ የጭስ ማውጫው ገና እሳት ነው። ቀዝቅዞ፣ መዝጊያው ተዘግቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞና በገመድ ታስሮ ነው መጫን ያለበት። ቤንዚኑ በሃይላንድ ወይም በዘይት ጀሪካን ሳይሆን ለነዳጅ በተሠራ ዕቃ ይያዝ፤ እሱም አፉ ድረስ አይሞላም። 20 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር በ0.4 ሊትር ገደማ ይሰፋል፣ ሁለት ብርጭቆ ማለት ነው። ከስምጥ ሸለቆ ወደ ደጋ ሲወጣ ደግሞ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ጀሪካኑ ይበልጥ ይነፋል። ሲቀዳም ከመኪና ወርዶ መሬት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ፕላስቲክ በተነጠፈበት ጭነት ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል።

ጋሪ ላይ ተጋድሞ የመጣ ሞተር ማስነሻ ገመዱ አልሳብ ካለ አታስገድዱት። ዘይት ሾልኮ ከፒስቶኑ በላይ ገብቶ ይሆናል፤ ዘይት ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም፣ ኃይሉ ብረቱን ያጣምማል። መካኒክ ካንዴላውን ፈትቶ ገመዱን በቀስታ ሲስበው ዘይቱ በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል።