ውኃ የጠጣ ገል

የወለጋ ቀይ አፈር በአብዛኛው አሲዳማ ነው። ነቀምቴ ላይ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል። እንዲህ ባለ አፈር የተቀበረ አጥንት ይሟሟል፣ እንጨት ይበሰብሳል፤ ገል ግን ይተርፋል። የገሉን ዘመን በቅርጹ ብቻ መለየት ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ቡላ ሲሪቃ ወዬሳ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የመዘገቡት የወለጋ ኦሮሞ ሸክላ ሥራ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ የሚወረስ ሙያ ነው፤ አዲሱ ዕቃ የጥንቱን ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ ፊዚክስ ይጠራል። በሸክላው ውስጥ ያሉ የኳርዝና የፌልድስፓር ቅንጣቶች ከዩራኒየም፣ ከቶሪየምና ከፖታሲየም የሚወጣውን ጨረር ኃይል ያከማቻሉ። ሸክላ ሠሪዋ ዕቃውን ስትተኩስ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ የቀደመው ክምችት ይጠፋል፤ ቆጠራውም እንደ አዲስ ይጀምራል። ገሉ በቤተ ሙከራ ዳግም ሲሞቅ ያ ኃይል ደብዛዛ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ቴርሞሉሚኔሰንስ የሚባለው ይህ ነው። ሐሳቡን ፋሪንግተን ዳንኤልስና ባልደረቦቹ በ1953 እ.ኤ.አ. አቀረቡት፤ በኦክስፎርድ ደግሞ ማርቲን አይትከን ካዳበሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነበር። ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦ የተከማቸው ጨረር በየዓመቱ ለሚደርሰው ጨረር ይካፈላል።

ጣጣው ያለው አካፋዩ ላይ ነው።

ውኃ ጨረር ይውጣል። እርጥብ ገል ከደረቁ ያነሰ ጨረር በዓመት ያገኛል። ለምሳሌ አንድ ገል 3 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) አከማችቶ ቢገኝና በደረቁ ሲሰላ በዓመት 3 ሚሊግሬይ ይደርሰዋል ቢባል፣ ዕድሜው 1,000 ዓመት ይሆናል። ገሉም ዙሪያው ያለው አፈርም የደረቅ ክብደታቸውን 20 በመቶ ያህል ውኃ ይዘው ከኖሩ ግን መልሱ ወደ 1,240 ይጠጋል። ዝናቡን የዘነጋ ሰው ገሉን ያለ አግባብ ልጅ ያደርገዋል ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ቆፋሪው ገሉን ብቻ ይዞ አይሄድም። ከአፈሩ የሚመጣው ጋማ ጨረር ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ስለሚደርስ፣ በዚያ ክልል ያለው አፈርና ድንጋይ ሁሉ ይቆጠራል። ገሉ ከነአፈሩ ወዲያው በፕላስቲክ ይታሸጋል፤ መጀመሪያ እርጥቡ፣ ኋላ ደረቁ ይመዘናል። ከገበያ የተገዛ ወይም ከየት እንደወጣ ያልተመዘገበ ገል ግን ይህ ሁሉ መረጃ የለውም፤ ዕድሜው ቢለካም ግምቱ ሰፊ ነው።

የዛሬው እርጥበት የሺህ ዓመቱ አማካይ ላይሆንም ይችላል። በበጋ የተቆፈረ ገል የክረምቱን ውኃ አያሳይም። ተመራማሪዎች ገሉ ሊይዝ የሚችለውን ከፍተኛ ውኃ ለክተው ከዚያ በታች ያለውን ይገምታሉ፤ ውጤቱ የሚነገረውም ከ5 እስከ 10 በመቶ ከሚደርስ የስህተት ወሰን ጋር ነው።

እሳትም ሌላ ጉድ ይሠራል። ገሉ ወድቆ የቀረበት ቤት ተቃጥሎ ሙቀቱ በቂ ከነበረ፣ የሚገኘው ቀን የሸክላ ሠሪዋ ሳይሆን የቃጠሎው ነው። መንደሩ መቼ እንደጠፋ ማወቅ ለሚፈልግ ተመራማሪ ግን ይኸኛው ቀን ይበልጥበታል።