በኅብረት የቀና ትምህርት ቤት

በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት፣ ስመ ጥሩው የዬል ዩኒቨርሲቲ በሚገኝባት በኒው ሄቨን ከተማ፣ ባልድዊንና ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚባሉ ሁለት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ከዚያ ታላቅ የጥበብ ማደሪያ ጋር በአንዲት ከተማ እየኖሩ፣ በዕውቀት ፍሬ ግን ከሁሉ ኋላ ቀርተው ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው በንባብና በሒሳብ ሲመዘኑ፣ ከከተማዪቱ 33 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መካከል 32ኛና 33ኛ ሆኑ፤ ልጆቹም በዕድሜያቸው ሊደርሱበት ከሚገባው ደረጃ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ዘግይተው ተገኙ። ተማሪዎቹ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ጥቁር አሜሪካውያን፣ የአብዛኞቹም ወላጆች ድኆች ስለ ነበሩ፣ ብዙ ሰው ይህን ውድቀት እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቈጥሮ ከመቀበል በቀር ሌላ ምክንያት ይፈልግለት ዘንድ አልተጋም። ምክንያቱን ለመፈለግ ከተነሡት ጥቂቶች ዋናው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የሆኑት ዶክተር ጄምስ ኮመር ናቸው።

ዶክተር ኮመር እ.ኤ.አ. በ1934 በኢንዲያና ግዛት በኢስት ቺካጎ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ማጊ ደግሞ ከሚሲሲፒ ገጠር የመጡ፣ በትምህርት ገበታ ከሁለት ዓመት የበለጠ ያልተቀመጡ፣ በሰው ቤት እያገለገሉ የኖሩ ሴት ሲሆኑ፣ ያሳደጓቸው አምስት ልጆች ግን በጠቅላላው 13 የከፍተኛ ትምህርት ዲግሪዎችን ለመቀበል በቁ። በአንጻሩ ከእርሳቸው ጋር ያደጉ፣ በአእምሮ ብሩህነት ከእርሳቸው የማያንሱ ሦስት ባልንጀሮቻቸው፣ አንዱ በመጠጥ ምክንያት ያለ ዕድሜው ተቀጠፈ፤ አንዱ የሕይወቱን ብዙ ክፍል በወህኒ ቤት ጨረሰ፤ አንዱም በአእምሮ ሕመም ሲንገላታ ኖረ። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን የፈጸሙት ዶክተር ኮመር፣ ይህ ልዩነት ከተሰጥዎ ካልመጣ ከየት መጣ ብለው አጥብቀው ሲመረምሩ፣ መልሱን ሕፃኑን በከበቡት ታላላቆች መካከል ባለው ግንኙነት ውስጥ አገኙት።

እ.ኤ.አ. በ1968 የዬል የሕፃናት ጥናት ማእከል በፎርድ ፋውንዴሽን ርዳታ ወደ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች አራት ባለሙያዎችን ላከ፤ እነርሱም ሐኪሙ ዶክተር ኮመር፣ አንድ የማኅበራዊ ኑሮ ባለሙያ፣ አንድ የሥነ ልቡና ዐዋቂና አንድ የልዩ ትምህርት መምህር ነበሩ። የመጀመሪያው ዓመት ግን ሁከት የበዛበት ሆነ። አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ያለ በቂ ዝግጅት ስለ ገባ ሥርዓት ፈረሰ፤ መምህራን ተደናገሩ፤ ወላጆችም ተቈጥተው ለተቃውሞ ተነሡ። ቢሆንም ከዚህ ፈተና አንድ ጽኑ ትምህርት ተገኘ፤ ይኸውም ወላጅ በመምህር ላይ፣ መምህር በዳይሬክተር ላይ፣ ዳይሬክተርም በወላጅ ላይ እምነት ባጡበት ስፍራ፣ የቱንም ያህል መልካም የሆነ መጽሐፍ ወይም ዘዴ ቢገባ ሥር ሊሰድ እንደማይችል መታወቁ ነው።

ዶክተር ኮመር እንደሚያስተምሩት፣ ሕፃን የሚያድገው በአእምሮ ብቻ አይደለም፤ በአካል፣ በቋንቋ፣ በስሜት፣ ከሰው ጋር በመኖርና በግብረ ገብነትም ጭምር ነው። ይህ እድገት ሁሉ የሚገኘው ሕፃኑ ከሚወዳቸውና ከሚያምናቸው ታላላቆች ጋር በመጣበቅ፣ እነርሱንም በመምሰል ነው፤ መምህሩን የወደደ ልጅ መምህሩ የሚወደውን ፊደልና ቍጥር አብሮ ይወዳልና። እንግዲህ ከቤቱ ይዞት የመጣው ጠባይና ትምህርት ቤቱ የሚጠብቅበት ጠባይ የተለያዩ ሲሆኑ፣ መምህሩ ልጁን ባለጌ ወይም ደነዝ ብሎ ይፈርድበታል፤ ልጁም በበኩሉ ይህ ቤት ጠላቴ ነው ብሎ ልቡን ይዘጋል።

ዶክተር ኮመር ለዚህ ምሳሌ አድርገው የጻፉት የአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ታሪክ አለ። ልጁ ከደቡብ ገጠር ወደ ኒው ሄቨን በመጣ ጊዜ አክስቱ ወደ ሥራ ስትቸኩል በትምህርት ቤቱ ትታው ሄደች፤ ወዲያውም ፊታቸውን አይቶት በማያውቃቸው ልጆች መካከል እንዲቀመጥ በተደረገ ጊዜ ደንግጦ መምህርቱን እግሯን ረግጦ ሸሸ። በቀድሞው ልማድ ቢሆን ነገሩ በቅጣት ያበቃ ነበር። ባለሙያዎቹ ግን ከመምህራኑ ጋር ተቀምጠው፣ ቤቱንና ዘመዶቹን በአንድ ጊዜ ያጣ ሕፃን ምን ሊሰማው እንደሚችል አብረው ካሰቡ በኋላ፣ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ክፍሉ በደስታ የሚቀበልበት፣ የሚመራውም ባልንጀራ የሚያገኝበት ሥርዓት ተሠራ። ከዚህም አንድ ልጅ ያሳየውን ጥፋት መላውን ቤት ለማረም እንደ ምክንያት የመጠቀም ልማድ ተወለደ።

ይህን የመሰለው በጎ አሳብ በአንድ ሰው ቸርነት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል፣ ትምህርት ቤቱ ሦስት ጉባኤዎችን አቋቋመ። የመጀመሪያው ዳይሬክተሩ የሚመሩት፣ ዐሥራ ሁለት ያህል አባላት ያሉበት የዕቅድና የአስተዳደር ጉባኤ ሲሆን፣ በውስጡ የተመረጡ መምህራን፣ የተመረጡ ወላጆች፣ የሥነ ልቡና ባለሙያና ከማስተማር ውጭ ያሉ ሠራተኞች እንደራሴ ይቀመጡበት ነበር። ሁለተኛው የባለሙያዎች ጉባኤ ነው፤ የተቸገረውን ልጅ ከመርዳት አልፎ፣ ችግሩ በሌሎች ላይ እንዳይደገም የትምህርት ቤቱን አሠራር ያቃና ነበር። ሦስተኛውም የወላጆች ጉባኤ ነው። የሦስቱም ሥራ በአንድ ዕቅድ ይያያዛል፤ ዕቅዱም በየጊዜው እየተመዘነ ይታረማል፤ መምህራንም የሚሰለጥኑት ከላይ በታዘዘው ሳይሆን ዕቅዱ በሚጠይቀው ጉዳይ ነው።

እኔ ግን ከጉባኤዎቹ ይልቅ ጉባኤዎቹን የሚገዙትን ሦስት ደንቦች አብልጬ አደንቃለሁ፤ ብዙ ጉባኤ ያለው፣ ነገር ግን ስምምነት የሌለው ትምህርት ቤት በየአገሩ አይጠፋምና። የመጀመሪያው ደንብ ጥፋተኛ መፈለግን ማቆም ነው፤ ሐኪም በሽተኛውን ስለ በሽታው ሳይወቅስ መድኃኒቱን እንደሚፈልግ ሁሉ፣ ጉባኤውም ስለ ልጆቹ ድክመት ወላጅን፣ መምህርን ወይም ሕፃኑን ከመክሰስ ተቈጥቦ ቀጥሎ የሚደረገውን ይመክራል። ሁለተኛው፣ ነገሩን በድምፅ ብልጫ ከመቍረጥ ይልቅ ሁሉ እስኪስማማ መመካከር ነው፤ በድምፅ ብልጫ አሸናፊና ተሸናፊ ይለያያሉ፤ የተሸነፈውም ወገን በሥራው ጊዜ እጁን ይሰበስባል፤ በስምምነት የተወሰነውን ግን ሁሉም የራሴ ነው ይለዋል። ሦስተኛው መተባበር ነው፤ ዳይሬክተሩ የጉባኤውን ምክር ሳይመዝኑ በሥልጣናቸው ብቻ አይወስኑም፤ ጉባኤውም በበኩሉ የዳይሬክተሩን ሥልጣን አያሰናክልም።

የወላጆችም ድርሻ በሦስት እርከን የተደለደለ ነበር። አብዛኞቹ በበዓል፣ በትርኢትና በግብዣ ቀን ይመጣሉ፤ ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ በክፍል ውስጥ የመምህር ረዳት ሆነው ይሠራሉ፤ የተመረጡት ጥቂቶች ደግሞ በአስተዳደሩ ጉባኤ ይቀመጣሉ። ራሳቸው በልጅነታቸው በትምህርት ቤት የተዋረዱ፣ ስለዚህም ደጁን ለመርገጥ ይፈሩ የነበሩ እናቶች፣ በክብር ተጠርተው ምክራቸው ሲሰማ፣ ልጆቻቸው እናትና መምህርት በአንድ ልብ መሆናቸውን በዓይናቸው አዩ። ከወላጆችና ከመምህራን ምክርም ልጆች ስለ መንግሥት፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ጤናና ስለ መንፈሳዊ ሕይወት ከንባብና ከሒሳብ ጋር አዋሕደው የሚማሩበት ትምህርት ተዘጋጀ፤ በከንቲባ ምርጫ ጊዜ ተማሪዎቹ ለተወዳዳሪዎቹ የጥሪ ደብዳቤ ጽፈው እንግዶቹን ራሳቸው ያስተናገዱት በዚህ መንገድ ነው። መለያየት የበዛበት ኑሮ የሚኖሩትን ልጆች እምነት ለማጽናትም፣ አንድ መምህር አንድን ክፍል ሁለት ዓመት እንዲይዝ ተደረገ።

ፍሬው ወዲያው አልታየም። ባልድዊን ከሥራው ሲወጣ ካትሪን ብሬናን የተባለው ትምህርት ቤት ተተካ፤ የተማሪዎቹም ኑሮ አልተለወጠም፤ ሰፈሩ ያው፣ ድህነቱም ያው ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1979 የአራተኛ ክፍል ልጆች ከደረጃቸው ደረሱ፤ በ1984 ደግሞ ኪንግና ብሬናን በከተማዪቱ ሦስተኛውንና አራተኛውን ከፍተኛ ውጤት አገኙ። ዶክተር ኮመር ሥራውን በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ ካስረዱ በኋላ፣ በ1990ዎቹ የሮክፌለር ፋውንዴሽን ርዳታ ተጨምሮበት አሠራሩ በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ተስፋፋ።

መስፋፋቱ ግን በሁሉ ስፍራ አንድ ዓይነት ፍሬ አላፈራም። በሜሪላንድ ግዛት በፕሪንስ ጆርጅስ አውራጃ የተደረገ ጥናት፣ ስሙን ብቻ ተቀብለው ሥራውን በሙላት ባልፈጸሙ ትምህርት ቤቶች የተማሪው ውጤት ከሌሎቹ እንዳልበለጠ አሳየ፤ በቺካጎ ግን መጠነኛ መሻሻል ታየ። በዚያው በቺካጎ አንቶኒ ብራይክና ባርባራ ሽናይደር የተባሉ ሊቃውንት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለዓመታት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በታላላቆቹ መካከል መተማመን የጸናባቸው ትምህርት ቤቶች በንባብና በሒሳብ የመሻሻል ዕድላቸው ከሁለት አንድ፣ መተማመን የጠፋባቸው ግን ከሰባት አንድ መሆኑን ገለጹ። መተማመኑንም በአራት ነገር ሰፈሩት፤ በመከባበር፣ አንዱ ለሌላው በማሰብ፣ ሥራን በብቃት በመሥራትና ቃልን በመጠበቅ።

በአገራችንም ወላጅና መምህር የሚገናኙበት ኅብረት በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ወላጅ የሚጠራው መዋጮ ሲፈለግ ወይም ልጁ ሲያጠፋ ስለ ሆነ፣ «ወላጅህን አምጣ» የሚለው ትእዛዝ ለልጁ ማስፈራሪያ፣ ለወላጁም ኀፍረት ሆኖ ኖሯል። የኒው ሄቨን ሥራ የሚያስተምረን ይህን ጥሪ ወደ ምክር ጥሪ መለወጥ እንደሚቻል ነው። ለዚህም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ ዳይሬክተሩ ሥልጣኑን ለምክር ክፍት ማድረጉ፣ መምህሩ ወላጁን እንደ ሥራ ባልደረባ መቀበሉ፣ ወላጁም ልጁ ሳያጠፋ በፊት ወደ ትምህርት ቤቱ መምጣቱ ነው። ለልጅ ያለን ፍቅር ቋሚ ጉባኤ፣ የታወቀ ደንብና ብዙ ዓመት የማይሰለች ትዕግሥት ካላገኘ በቀር መልካም ምኞት ሆኖ ይቀራል፤ እነዚህን ሲያገኝ ግን የድኻው ልጅ ከባለጸጋው ልጅ እኩል ሊያነብና ሊያሰላ እንደሚችል ሁለት የተናቁ ትምህርት ቤቶች በሥራ አስመስክረዋል።