ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንና ስለ ተጠባባቂ ወንበሩ

የእግር ኳስ ወዳጅ ነኝ የሚል የፒያሳ ሰው ሁሉ የሚወደውን ቡድን አሥራ አንድ ተሰላፊዎች ከበረኛው ጀምሮ እስከ ግራ ክንፉ ድረስ አንድ ሳያስት በቃሉ ይወጣቸዋል፤ አሥራ ሁለተኛው ማን ነው ተብሎ የተጠየቀ እንደሆነ ግን ወይ ዝም ይላል፣ ወይም ደረቱን ነፍቶ «አሥራ ሁለተኛው እኔ ደጋፊው ነኝ» ይላል። መልሱ ለጭብጨባ ያማረ ቢሆንም ማዕረጉ ከባለቤቱ የተነጠቀ ነው፤ ባለቤቱ በሜዳው ዳር ከአሰልጣኙ በስተኋላ ቱታውን ለብሶ፣ ታኬታውን አጥብቆ፣ ስሙ ይጠራ እንደሆነ ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቀው ተጠባባቂ ተጫዋች ነውና። እኔም በዚህ ጽሑፍ ላስተዋውቀው የወደድሁት እርሱን፣ የተቀመጠበትን ወንበርና ወደዚያ ወንበር የሚያደርሰውን ረጅም መንገድ ነው፤ ለምሳሌም የምወስደው ከሀገራችን ክለቦች አንጋፋውን፣ የአራዳውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ነው።

ስለ ቡድኑ አመጣጥ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ አራዳ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ የጠላት ጦር ወሰናችንን ጥሶ በገባበት በዚያ የመከራ ወራት፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ መሠረቱት፤ በፋሺስት ዘመን «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ እንዲጠራ ተገደደ፤ በደርግ ዘመንም «ቢራ» እየተባለ ዋንጫ በላ፤ ደጋፊዎቹ ዛሬም ፈረሰኞቹ ይሉታል። ይህ ይበቃል።

ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ ለውድድር የቀረቡት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ እነርሱም የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑካን ቡድንና የኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ ናቸው። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ሲሆኑ፣ ይህም ሊያስደንቅ አይገባም፤ የቀሩት ከየማኅበራቸው፣ ከየሱቁና ከየትምህርት ቤቱ ሰው ሲለምኑ፣ ልዑካኑ ግን በትእዛዝ የሚሰበሰብ፣ ዕድሜው ለጨዋታ የደረሰና ጉልበቱ በሰልፍ የተፈተነ ወታደር ነበራቸውና። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሀገር ሻምፒዮንነት ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ተማሪውን ከትምህርት ቤት፣ ጎረምሳውን ከሰፈር እየጠራ ሰው ማብዛት ነው።

የዚያ ዘመን ምልመላ ምን ይመስል እንደነበረ ለማወቅ የሚወድ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ሕይወት ይመልከት። ቡድኑ ሲቋቋም የ14 ዓመት ልጅ የነበሩት የተፈሪ መኮንን ተማሪ፣ ያንኑ አንድ ማሊያ 23 ዓመት ያህል ለብሰው ከቆዩ በኋላ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ፣ ቀጥሎም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ደላላ አላመጣውም፤ የፊርማ ገንዘብም አልተቈጠረለትም። ቡድኑ ከደጁ አገኘው፤ አላባረረውምም።

ወደ ወንበሩ ልመለስ። ወንበሩ ራሱ የኋላ ዘመን ፍጥረት ነው። በጥንቱ ሕግ እግሩ የተሰበረ ሰው ቢኖር ቡድኑ በአሥር ይጨርሳል፣ ወይም የተጎዳው እያነከሰ ወደ መስመሩ ዳር ተገፍቶ ለቍጥር ያህል ይቆማል። የእንግሊዝ ሊግ እንኳ አንድ ተቀያሪ፣ እርሱንም ለተጎዳ ሰው ብቻ፣ የፈቀደው በነሐሴ 1957 ዓ.ም. ነው፤ በዓለም ዋንጫ የተፈቀደው ደግሞ በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ ነው። ከዚያ ቁጥሩ እያደገ ሄዶ ሦስት ደረሰ፤ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ውድድሩን ሁሉ ባጨናነቀ ጊዜ ለጊዜው ተብሎ አምስት ሆነ፤ ለጊዜው የተባለውም እንደ ልማዱ ጸና። እንግዲህ ዛሬ አንድ አሰልጣኝ በረኛውን ሳይቈጥር ከሜዳ ተሰላፊዎቹ እኩሌታውን በአንድ ከሰዓት ሊለውጥ ይችላል ማለት ነው። ይህን እያወቀ የቡድኑን ብርታት በአሥራ አንድ ሰው የሚመዝን ተመልካች ሒሳቡን ከመነሻው ስቷል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ (ግብፅን) 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ሁለት ጊዜ ከመመራት ተነሥታ፣ ተጨማሪ 30 ደቂቃ ተጫውታ ነው፤ የመጨረሻዋን ግብ በ117ኛው ደቂቃ ያገባው መንግሥቱ ወርቁ የጊዮርጊስ ልጅ ነበረ። ሽማግሌዎቹ ይህን ጨዋታ ሲያወሩ «እነዚያ ሰዎች ተቀያሪ አላወቁም፤ ያሁኖቹ ግን በሰባ ደቂቃ ምላሳቸው ይወጣል» እያሉ ይፈርዳሉ። ፍርዱ ፍትሕ የጎደለው ነው። የዛሬው ተጫዋች በአንድ ጨዋታ የሚሮጠው ርቀትና የፍጥነቱ ብዛት ከያኔው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ተቀያሪው እየበዛ የመጣውም የሰው ጉልበት ስለ ቀነሰ ሳይሆን ጨዋታው ከሰው ጉልበት በላይ ስለ ፈጠነ ነው።

ከዚያ ቀን 51 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በጥር 13፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የሆነውን እናስታውስ። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት ቆይታ በኋላ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ሲጫወት፣ በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዘሪሁን ታደለ ከወንበር ተነሥቶ ገባ፤ በአሥር ሰው የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ተለያየ። ያን ቀን ሀገር የጨፈረው ለአዳነ ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን አንድ ሰው ጡንቻው ሳይሞቅ፣ በዓለም ፊት ከወንበር ተነሥቶ ጓንቱን እያጠለቀ ወደ ግቡ የሮጠበትን ያን ቅጽበት ያነሣ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ጥር 21 ቀን ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው በሦስተኛው ጨዋታ ደግሞ በግቡ የቆመው ሲሳይ ባንጫ ነበረ፤ እርሱም በመጨረሻው ሰዓት በቀይ ካርድ ሲወጣ ሦስቱም ቅያሪዎች አልቀው ስለ ነበረ፣ አማካዩ አዲስ ሕንጻ የበረኛ ማሊያ ለብሶ በቪክቶር ሞሰስ ፍጹም ቅጣት ምት ፊት ቆመ። ኳሱ ገባ፤ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በሦስት ጨዋታ ሦስት በረኛ፣ በመጨረሻም ከበረኞች ውጭ አራተኛ። የስብስብ ጥልቀት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ የምነግረው ይህን ነው።

በአራዳ ጊዮርጊስ ደብር የንግሥ ዋዜማ ያደረ ሰው የተተኪ ነገር አዲስ አይሆንበትም። ማኅሌቱ የሚቆመው በቀኝና በግራ ነው፤ መሪጌታው ድምፁ ቢዘጋ ቀኝ ጌታው፣ እርሱም ቢደክም ግራ ጌታው ይቀበላል፤ ከእነርሱ በስተኋላ ደግሞ ቀለሙን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ተራው እስኪደርስ በመቋሚያው ተደግፎ አብሮ የሚያዜም ደብተራ አለ። በስተኋላ የቆመውን ሰው «ምን ሠርቶ ነው ወደ ኋላ የተጣለ?» ብሎ የሚጠይቅ ምእመን አይቼ አላውቅም።

በስታዲየም ግን ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የለም። ወንበር ቅጣት ነው የሚለው አስተሳሰብ በእኛ ዘንድ ሥር ሰድዷል። ልጁ በተከታታይ ሁለት ጨዋታ ካልተሰለፈ «ከአሰልጣኙ ጋር ተጣልቷል» ይባላል፤ ዘመዱ ይደውላል፤ ደላላው «ሌላ ክለብ ልፈልግልህ» ይላል፤ ካፌ የተቀመጠው ማኪያቶውን እያማሰለ «ወንበር ያሞቃል» ብሎ ይሳለቃል። ልጁም ይህን ሁሉ ሰምቶ በክረምቱ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ቋሚ ተከላካዩ ጉልበቱን ሲታመም ያው ተሳላቂ «ቡድናችን ለምን ተተኪ የለውም?» ብሎ ይጮኻል። እባካችሁ፣ የተጫዋች ስም አንሥታችሁ ስትሰድቡ፣ ያ ልጅ በሜዳው ጥግ እየዘለለ ጡንቻውን ሲያፍታታ ከእናንተ ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ብቻ መሆኑን አስተውሉ፤ የምትሉትን ሁሉ ይሰማል።

አሁን ስለ መልሶ ግንባታና ስለ ምልመላ ችግር ጥቂት ልበል። ጊዮርጊስ እስከ 2009 ዓ.ም. ዋንጫውን በተከታታይ ሲወስድ ቆይቶ ነበር፤ በዚያው ዓመትም በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምድብ ገባ። ከዚያ ግን ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ሻምፒዮን ሲሆኑ (የ2012ቱ በወረርሽኙ ተሰርዟል) ፈረሰኞቹ ቆመው ተመለከቱ። ከዚህ ያነሣቸው በዚሁ ቡድን ማሊያ የተጫወቱት አሰልጣኝ ዘሪሁን ሸንገታ ናቸው፤ በ2014ና በ2015 ዋንጫው ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ2016 ንግድ ባንክ፣ በ2017 ኢትዮጵያ መድን ወሰዱትና ጊዮርጊስ እንደገና መገንባት ያለበት ቡድን ሆነ።

መገንባት ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት የክረምቱ የዝውውር ገበያ ነው። ገበያው አያስፈልግም አልልም። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. ክለቦች የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስኪያበጁለት ድረስ የናረው ይህ ገበያ፣ የሚሸጠው በአብዛኛው ያንኑ የታወቀ ፊት ነው፤ አንዱ አጥቂ በየሁለት ዓመቱ ማሊያ እየለወጠ ከክለብ ክለብ ይዞራል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ የሀገሪቱ የአጥቂ ቍጥር ግን በአንድ እንኳ አይጨምርም።

የአራዳው ቡድን ደግሞ ለብቻው የሚከብደው ነገር አለ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ ቡድኖቹን ሰብስቦ ከከተማ ከተማ በዙር ሲደረግ፣ ለቴሌቪዥኑ የተመቸ ቢሆንም፣ ጨዋታው በአብዛኛው ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋና ባሕር ዳር ሆነ፤ በፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ያደገ ልጅ የሰፈሩን ቡድን ያየው ይበልጡን በስክሪን ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ሲፈርሱ፣ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ፤ ከእርሱም ጋር በየቅያሱ በካልሲ ኳስ የሚራገጠው ልጅ፣ ልጁን የሚያውቀው የሰፈር ቡድን አለቃ፣ «ይህን ልጅ እዩልኝ» ብሎ ለአሰልጣኝ የሚነግረው ጸጉር አስተካካይ ሁሉ ሄደ። መንገዱ ሰፋ፤ ሕንጻው ያምራል። መልማዩ ግን ልጁን ለማግኘት አሁን ሁለት ታክሲ መያዝ አለበት።

አንድ የክረምት ማለዳ በጃንሜዳ የታዳጊዎች ሙከራ ሲደረግ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ሣሩ ረግረግ ሆኗል፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው። አንዱ የተዋሰው ታኬታ ሰፍቶት ጫፉን በጋዜጣ ሞልቶታል፤ ሲሮጥ ጋዜጣው ረጥቦ በክሩ መካከል ብቅ ይላል። አሰልጣኙ ደብተሩን ይዞ «አጥቂ?» ሲል የእጅ ጫካ ተነሣ። «አማካይ?» እንደዚያው። «በረኛ?» ሁለት እጅ፣ አንደኛውም እያመነታ። «ግራ ተከላካይ?» ዝም። ከዚያ ባለጋዜጣው እጁን አነሣ፤ አሰልጣኙ «የግራ እግር ነህ?» ቢለው «አይደለሁም፤ ግን እለምዳለሁ» አለ። አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ አጥቂ ሞልቶኛል፤ የግራ እግር ያለው ልጅ ካወቁ ይጠቁሙኝ» አለኝና የልጁን ስም ጻፈ።

ሌላም ፈተና አለ፤ ዕድሜ። ከ17 ዓመት በታች በሚባለው ውድድር ጢሙን በማለዳ ላጭቶ የሚመጣ «ታዳጊ» ሀገር የሚያውቀው ቀልድ ነው። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ዕርከን የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ እያስነሣ አጥንቱ ተጋጥሞ ማለቁን ይመረምራል። ዕድሜውን የሚቀንስ ልጅ የሚጎዳው ተጋጣሚውን ብቻ አይደለም፤ በእውነት 16 ዓመት የሆነውን፣ ገና ያልጠነከረውን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ የሚገባውን ልጅ ከዝርዝሩ ያስወጣል። ወረቀቱን የሚያስተካክሉለት ወላጆችና መምህራንም ይህን ያውቃሉ።

የቡድን ጤና እንዴት እንደሚታወቅ ለሚጠይቁኝ፣ ዋናው ጨዋታ ሳይጀመር ሁለት ሰዓት ቀድመው ሁለተኛው ቡድን ወደሚለማመድበት ሜዳ እንዲሄዱ እመክራለሁ። በረኛው ሦስተኛ ተተኪ እንዳለው፣ በግራ መስመር የሚሮጠው ልጅ በእውነት የግራ እግር መሆኑን፣ አሰልጣኙም ልጆቹን የሚጠራቸው በስማቸው ወይስ በማሊያቸው ቍጥር እንደሆነ ይመልከቱ። መግቢያው በነፃ ነው፤ ተመልካቹም ጥቂት ስለሆነ ቦታ አይጠፋም።