በሬው ኮሶን ከየት አመጣው?

ኮሶ ጥሬ ሥጋ በመብላት እንደሚይዝ በየቤቱ ይታወቃል። ብዙ ጊዜ የማይነሳው ጥያቄ በሬው ራሱ ከየት አመጣው የሚለው ነው። መልሱ ደስ አይልም፤ ከሰው ነው።

የኮሶ ትል በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ርዝመቱ ከ4 ሜትር ሊበልጥ የሚችል ጠፍጣፋ ትል ነው። የጎለመሱት ቁርጥራጮቹ እየተበጠሱ ከዓይነ ምድር ጋር፣ አንዳንዴም በራሳቸው እየተሳቡ ይወጣሉ። በአንዱ ቁርጥራጭ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል አለ። ሰውየው ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ እንቁላሉን ዝናብ ወደ ግጦሽና ወደ ውሃ ይወስደዋል፤ እርጥበት ባለው ሣር ላይም ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ከብቱ ሲግጥ ይውጠዋል። ከዚያ በደም አማካይነት ወደ ጡንቻ ይገባና ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ሰውን መያዝ የሚችል፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል።

በሬው አብዛኛውን ጊዜ አይከሳም፣ መኖም አይተውም። ስለዚህ ለበዓል ያደለብነው ሰንጋ ጤነኛ መስሎ ይታረዳል። በቄራ የሥጋ ምርመራ ባለሙያ ምላሱን፣ የመንጋጋውን ሥጋ፣ ልቡንና ወርቹን ሰንጥቆ ያያል፤ ከረጢቱ በሥጋው ሁሉ ከተሰራጨ ሥጋው በሙሉ ይወገዳል፣ የወራት ቀለብም ከንቱ ይቀራል። በቅርጫ ግን ብዙ ጊዜ የሚመረምር የለም። እነዚህን ቦታዎች ራሳችሁ ሰንጥቃችሁ እዩ። ከስንዴ ፍሬ እስከ አተር የሚያህል ነጣ ያለ ከረጢት ካገኛችሁ ሥጋውን ሳታከፋፍሉ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ካልታየ ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም፤ ጥቂት ከሆነ ያመልጣል። አስተማማኙ መሃሉ ድረስ ማብሰል ነው። ሚጥሚጣም፣ አዋዜም፣ ከላይ የሚጠጣው አረቄም አይገድለውም፤ ለብለብ ክትፎም ከጥሬው ብዙ አይሻልም።

ሽንት ቤት ቆፍረናል የምትሉ ብዙዎች ናችሁ፤ መልካም ነው። ነገር ግን እረኛውና አራሹ የሚውሉት ከቤት ርቀው፣ ከብቱ በሚግጥበት ሜዳ ነው። እዚያ የተጸዳዳ ሰው ቆፍሮ ይቅበር። ጥጃ በባልዲ የሚያጠጣና ሰንጋ የሚቀልብ ሰው ከሽንት ቤት ሲመለስ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ኮሶ ያለበት አንድ ቀላቢ በረቱን ሁሉ ሊያስይዝ ይችላል።

ኮሶ የታየበት ሰው መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ ይውሰድ። የኮሶ አበባ ያሽራል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን ይመርዛል። የትኛውንም መድኃኒት የወሰደ ሰው በዚያ ሰሞን ከሽንት ቤት ውጭ አይጸዳዳ፤ ትሉ ከነእንቁላሉ የሚወጣው ያኔ ነው።